ስጋ ትቼ ምን ልብላ? ፕሮቲን፣ ሽሮ እና የሱፐሩ ፍሪጅ

(የፖድካስቱ ክፍል በጽሑፍ፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምናወራው ስለ ምግብ ነው፤ በተለይ ስጋ ትተው ጺምሆኒ ለሆኑ፣ ወይም «ልሁን እንዴ?» እያሉ ለሚያስቡ። ጺምሆኒ ስል ስጋ፣ ዶሮና ዓሣ የማይበላ ማለቴ ነው። እንቁላልና ወተትም የተወ ደግሞ ቲቭኦኒ ነው። ለሁለቱም ከቤተሰብም ከጓደኛም የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ «ታዲያ ፕሮቲን ከየት ታገኛለሽ?»

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። እኔ ሐኪምም የምግብ ባለሙያም አይደለሁም። ባዮሎጂ የምማር ተማሪ ነኝ። የምነግራችሁ የተማርኩትን፣ ያነበብኩትን፣ እና በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

የደረሰብኝን ላስቀድም። ስጋ የተውኩት በ19 ዓመቴ፣ ወታደር እያለሁ ነው። ምክንያቴን ዛሬ አልሰብክም፤ እንስሳቱ አሳዘኑኝ፣ በቃ። ቤት ስናገር እማዬ ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ዶሮስ?» አለችኝ። «ዶሮም ስጋ ነው እኮ እማዬ» አልኳት። «ዶሮ ስጋ ነው እንዴ?» ብላ ወደ አባቴ ዞረች። ይሄን ውይይት ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ!

ሁለት ዓመት ያህል ደህና የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታ ጀመር። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ኩፓት ሆሊም ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ ብረት ዝቅተኛ፣ ቢ12 ዝቅተኛ። ሐኪሟ «በቀን ምን ትበያለሽ?» አለችኝ። ቆጠርኩላት፦ ጠዋት ቡና በዳቦ፣ ቀን ፓስታ ወይም ሩዝ በበቆሎ ሽኒጸል፣ ማታ ኮርንፍሌክስ። «ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላስ?» ዝም አልኩ። አርብ ቤት ስሄድ እማዬ ምስርና ሽሮ ሠርታ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ግን «እንጀራ ያወፍራል» እያልኩ ሰላጣ ብቻ ነበር የምበላው።

ያኔ የገባኝ ነገር የዛሬው ክፍል ዋና ሐሳብ ነው። እኔ የተውኩት ስጋውን ብቻ አልነበረም። ከስጋው ጋር የእናቴንም ድስት ትቼ ነበር፤ በሁለቱም ቦታ ያስገባሁት ዱቄት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም እናያለን፤ ሱፐር ውስጥ «የስጋ ምትክ» ተብሎ የሚሸጠውን፣ እና ቤታችን ውስጥ ማንም ምትክ ብሎ ሳይጠራው የኖረውን።

ፕሮቲን ምንድን ነው? ስንትስ ይበቃል?

ፕሮቲንን በክር እንደተሰካ ዶቃ አስቡት። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ፣ 20 ዓይነት ናቸው። ሰውነታችን አብዛኞቹን ራሱ ይሠራል። 9ኙን ግን መሥራት አይችልም፤ የግድ ከምግብ መምጣት አለባቸው። ስጋ፣ እንቁላልና ወተት 9ኙንም በጥሩ መጠን ይዘዋል። «ስጋ ፕሮቲን ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

ተክሎችም 9ኙ አሏቸው፤ ግን በየተክሉ አንዱ ወይም ሌላው ያንሳል። እህል፣ ማለትም ስንዴ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸዋል፤ እነሱ የሚያንሳቸው ሜቲዮኒን ነው፣ እሱን ደግሞ እህል ይዞታል። አሁን እንጀራ በሽሮ አስቡ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ሩዝ በምስር፣ ፒታ በሆሙስም ያው ናቸው። ጤፍ ደግሞ ከብዙ እህሎች የተሻለ ላይሲን አለው።

ድሮ «ሁለቱን በአንድ ማዕድ መብላት ግዴታ ነው» ይባል ነበር። ይህን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀችው አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ፍራንሲስ ሙር ላፔ በ1971 ባወጣችው መጽሐፍ ነው። እሷው ራሷ በ1981 እትም ላይ ነገሩን እንዳጋነነችው ጽፋ አስተካከለችው። ሰውነታችን የቀኑን ምግብ አንድ ላይ ያያል፤ ጠዋት እህል፣ ማታ ምስር ብትበሉም ይሆናል። ዋናው በቀኑ ውስጥ ሁለቱም መኖራቸው ነው።

መጠኑስ? ለጤነኛ አዋቂ የሚመከረው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቀን 48 ግራም ያህል ያስፈልጋታል። የተክል ፕሮቲን ትንሽ በዝግታና በጥቂቱ ስለሚፈጭ፣ ስጋ የማይበላ ሰው ከዚያ ከፍ ቢያደርግ ጥሩ ነው፤ በኪሎ 1 ግራም ብላችሁ ብታስቡ ሒሳቡም ቀላል ነው። ጂም የምትሠሩ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች ከዚህም በላይ ያስፈልጋችኋል።

ቁጥር ላይ የሚያሳስት ነገር አለ፤ እኔንም አሳስቶኛል። ኢንተርኔት ላይ «ምስር 25 ከመቶ ፕሮቲን ነው፣ ከስጋ አያንስም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ጥሬ፣ ደረቅ ምስር ነው። ሲቀቀል ውሃ ይጠጣል፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 9 ግራም ፕሮቲን ነው ያለው። የበሰለ ሽምብራም እንደዚያው። የበሰለ የዶሮ ደረት ወደ 30 ግራም አለው። ስለዚህ አንድ ማንኪያ ምስር ሰላጣ ላይ በትኖ «ፕሮቲኔን በላሁ» ማለት አይሆንም። ሳህን ሙሉ ነው የሚበላው፤ እናቶቻችን እንደሚያቀርቡት።

ሱፐር ውስጥ ያለው

አሁን ወደ ሱፐሩ እንግባ። አራት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ፕቲቴይ ሶያ ነው። ደረቅ፣ እንደ ፍርፋሪ ወይም እንደ ጉርሻ የተቆራረጠ፣ በከረጢት የሚሸጥ። ከአኩሪ አተር ዘይቱ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ዱቄት ነው፤ በማሽን በሙቀትና በግፊት ስለሚያልፍ እንደ ስጋ ጭረት ያወጣል። ደረቁ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ 100 ግራም ውስጥ ወደ 50 ግራም። አሁንም ያንን ደረቅ የሚለውን ቃል አትርሱ፤ ውሃ ሲጠጣ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ርካሽ ነው፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ለተማሪ ከእሱ የሚሻል የለም። ብቻውን ግን ጣዕም የለውም። በፈላ ውሃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ በእጃችሁ ጨምቁት፣ ከዚያ ቁሌት ውስጥ ጨምሩት። ሽንኩርቱ በደንብ ካልበሰለ፣ በርበሬው ካልተቁላላ፣ ፕቲቲም ካርቶን ነው። ቁሌቱ ከተሠራ ግን እንደ ምንቸት አብሽ ይበላል።

ሁለተኛው ቶፉ ነው። ብዙ ሰው «ያ ነጭ ጎማ» ይለዋል። አያቴ እንዴት እንደሚሠራ ስነግራት ግን ወዲያው ገባት፦ የአኩሪ አተር ወተት ይሞቃል፣ በጨው ዓይነት ነገር እንዲረጋ ይደረጋል፣ ውሃው ይጠልላል፣ የቀረው ይጫናል። «አይብ ነዋ!» አለች። አይብ ነው፣ ከከብት ያልመጣ። ጠንካራው ዓይነት 100 ግራም ውስጥ 12 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ እንደ ፋብሪካው ይለያያል፣ ጀርባውን አንብቡ። ጎማ የሚሆነው ውሃው ሳይጨመቅ ሲጠበስ ነው። በፎጣ ጠቅልሉት፣ ከባድ ድስት ጫኑበት፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ በዘይት ቡናማ እስኪሆን ጥበሱት።

ሦስተኛው... እሺ፣ ይሄን ሳልስቅ ልናገር። ስሙ ሰይታን ነው። አንድ ቀን ቤት ስልክ ላይ ለጓደኛዬ «ሰይታን ገዛሁ፣ ማታ እበላዋለሁ» ስል እማዬ ከኩሽና ሰማች። ቀሪውን ገምቱት። ሰይታን የስንዴ ፕሮቲን ነው። ሊጥ በውሃ ደጋግማችሁ ብታጥቡት ስታርቹ ይሄዳል፣ የሚቀረው የሚሳብ ነገር ግሉተን ይባላል። ብዙ ጊዜ 100 ግራም ውስጥ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። ሲታኘክ ለስጋ በጣም የሚቀርበው እሱ ነው። ግን ሁለት ነገር፦ የስንዴ ልጅ ስለሆነ ላይሲን ያንሰዋል፣ በቀኑ ውስጥ ምስር ወይም ሽምብራ ይፈልጋል። ሴሊያክ ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ አይንካው።

አራተኛው የተዘጋጀው ነው፤ ሽኒጸል፣ ሐምበርገር፣ ቋሊማ። ይህች አገር በዚህ ጀማሪ አይደለችም። ቲቭኦል የተወለደው በ1980ዎቹ በኪቡጽ ሎሐሜይ ሃጌታኦት ነው። ዛሬ ደግሞ ሪዲፋይን ሚት የሚባለው የእስራኤል ኩባንያ ከተክል የተሠራ «ስጋ» በፕሪንተር እስከ ማተም ደርሷል። ሥራ ውሎ ለመጣ ሰው እነዚህ ምቹ ናቸው፣ እኔም ፍሪዘር ውስጥ አላጣም። ግን ስሙን አትመኑ፣ ጀርባውን አንብቡ። የኔ የበቆሎ ሽኒጸል ምን ነበር? በቆሎና ዱቄት፣ በዘይት። ቅርጹ ሽኒጸል ነው፣ ሥራው የዳቦ ነው። ከሶያ ወይም ከአተር ፕሮቲን የተሠራው ሽኒጸል ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም ግን አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ጀርባው ላይ ሦስት ነገር እዩ። በ100 ግራም ስንት ፕሮቲን አለው? ከ10 በታች ከሆነ የስጋ ምትክ አትበሉት። ከ2020 ጀምሮ ጨው፣ ስኳር ወይም ጠንካራ ስብ የበዛባቸው ምግቦች ላይ የሚለጠፈው ቀይ ምልክት አለው? ካለው አልፎ አልፎ ይበላ። ሦስተኛው፣ ፓርቬ ነው ወይስ ሐላቪ? አንዳንዱ እንቁላል አለው፣ አንዳንዱ የወተት ነገር አለው። ለቲቭኦኒም፣ ስጋ ከሚበላ ቤተሰብ ጋር በአንድ ማዕድ ለሚቀመጥም ይሄ ዋና ነው።

ቤት ያለው

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። አያቴ ጺምሆኒ መሆኔን ስትሰማ አልተቆጣችም። ሳቀች። «እኛስ ስጋ መቼ መቼ ነበር የምንበላው?» አለች። የአያቴ አገር ደምቢያ ነው፣ ጎንደር። እንስሳ የሚታረደው ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለትልቅ እንግዳ ነበር። ደግሞ የኛ ሰዎች ሌላ ያረደውን አይበሉም፤ የራሳችን ሰው በሥርዓቱ ያረደውን ብቻ። ከመንደሩ ወጥቶ ገበያ የሄደ፣ መንገድ የወጣ ሰው ስጋ ቢያገኝም አይነካም፤ ቆሎውን፣ በሶውን ይዞ ነው የሚሄደው። ማለትም አብዛኛውን ቀን አያቶቻችን ስሙን ሳያውቁት እንደ ጺምሆኒ ነበር የሚኖሩት። በሬ ጠምደው የሚያርሱትም በሽሮ ጉልበት ነው።

ስለዚህ «ጺምሆኒነት የአሽከናዚ ነገር ነው» የምትሉኝ ካላችሁ፣ አያቴን ጠይቁ።

ደግሞ የስጋ ምትክ የሚባለውም ሐሳብ ለአገራችን ማዕድ እንግዳ አይደለም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በጾማቸው ወራት ከስጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃሉ። ለዚያ ጊዜ የሚሠሩት «የሽምብራ አሳ» የሚባል ወጥ አለ፤ የሽምብራ ዱቄት ይቦካና በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ ይጠበሳል፣ ከዚያ በርበሬ ወጥ ውስጥ ይገባል። ቡትቻም አለ፤ ከሽምብራ ዱቄት ተሠርቶ ሲፈረፈር የተጠበሰ እንቁላል ይመስላል። ሁለቱም ሐሳባቸው የዛሬው የሶያ ሽኒጸል ሐሳብ ነው።

የእያንዳንዳችን ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን እንቁጠር። የሽሮ ዱቄት፦ ሽምብራ ከሆነ 100 ግራም ደረቁ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን ነው፤ ለአንድ ሰው 50 ግራም ብትጠቀሙ 10 ግራም አገኛችሁ። የጤፍ ዱቄት፦ በ100 ግራም ወደ 13። ለውዝ ያለበት ቆሎ፣ አንድ እፍኝ፦ 5 ወይም 6። ተልባ፦ ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን፣ ዓሣ የማይበላ ሰው የሚፈልገው የኦሜጋ 3 ዓይነት አለው፤ ግን ተፈጭቶ ይበላ፣ ሙሉው ፍሬ ሳይፈጭ ያልፋል። ሰሊጥ፦ እዚህ አገር ጥሒና ሆኖ በየቤቱ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እዚህ የምንበላው እንጀራ ሁሉ የአያቶቻችን እንጀራ አይደለም። ጤፍ ውድ ስለሆነ ብዙ ቦታ ነጭ የስንዴ ዱቄት ይቀላቀላል፣ አንዳንዴም አብዛኛው እሱ ነው። ስትገዙ ጠይቁ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ወላጆቻችን ወደዚህ ሲመጡ ስኳር በሽታ በማኅበረሰባችን ውስጥ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከመጡ በኋላ በጥቂት ዓመታት እንደጨመረ ሐኪሞች መዝግበውታል። ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጩ መጠጥ፣ መቀመጡ፣ ሁሉም ተደማምረው ነው። ስጋ ትቶ በቦታው ነጭ ዱቄት ማስገባት፣ እኔ እንዳደረግኩት፣ ወደዚያው መንገድ ነው የሚወስደው። ምስርና ሽምብራ ግን ፋይበር ስላላቸው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ

የቤት ነገር ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። አያቴ ራሷ «ጓያ እንዳትበዪ» ትለኛለች። ጓያ ሽምብራ የሚመስል፣ ድርቅ የሚችል ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል፤ ስለዚህ በችግር ዘመን ሰው ለወራት እሱን ብቻ ይበላል። ውስጡ ያለው መርዝ ደግሞ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ከያዘም አይለቅም። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ደምቢያ ውስጥ ብዙ ሰው እንዲህ ተጎድቷል። አንድ ቀን ጓያ የተቀላቀለበት ሽሮ መብላት ሽባ አያደርግም፤ ግን ሽሮ የየዕለት ፕሮቲናችሁ ከሆነ ከምን እንደተፈጨ ሻጩን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሁለተኛው ባቄላ ነው፤ በዕብራይስጥ ፉል። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ይፈርሳሉ፣ ሆስፒታል ያስገባል። እዚህ አገር በተለይ ከኩርዲስታንና ከኢራቅ በመጡ ቤተሰቦች ውስጥ በብዛት ይታያል። ዛሬ የተጋባን፣ የተቀላቀልን ነን፤ የወንድማችሁ ሚስት ልጅ ጂ6ፒዲ ሊኖረው ይችላል። ሽሮም ብዙ ጊዜ ባቄላ ይቀላቀልበታል። እንግዳ ስትጋብዙ ጠይቁ።

ብረት፣ ቢ12 እና ቡናችን

አሁን እኔን የጣለኝ ነገር። ፕሮቲን ብቻውን አይበቃም።

ብረት ተክል ውስጥ አለ፤ ምስር ውስጥ፣ ጤፍ ውስጥ። ግን የተክል ብረት ከስጋ ብረት ይልቅ በትንሹ ነው ወደ ደም የሚገባው። በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ትፈልጋለች፣ ወንድ 8። ስለዚህ እህቶቼ፣ ነገሩ በተለይ የኛ ነው። የሚረዱ ነገሮች አሉ። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባል፤ ምስሩ አጠገብ የሚቀርበው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የሎሚ ጠብታ ለጣዕም ብቻ አይደለም። እንጀራ መቡካቱም ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የሚባል ነገር ይቀንሳል። ሽምብራ ማታ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም እንደዚያው።

የሚያደናቅፈው ደግሞ... አትቆጡኝ፣ ቡና ነው። ሻይም። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ብረቱ እንዳይገባ ያግዱታል። እኔ ደሜ ሲመረመር በቀን አራት ቡና እጠጣ ነበር፣ አንዱም ከምግብ አይለይም። ቡናውን ተዉ አልልም፤ እማዬም አትሰማኝም። አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ከምሳ በኋላ ቡናው እስኪታጠብ፣ እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ እስኪፈላ ሰዓቱ በራሱ ይሞላል። ችግሩ የኔስካፌው ነው፣ በሁለት ደቂቃ የሚደርሰው።

ቢ12 ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ምንም ድርድር የለም። ተክል ውስጥ የለም። ሽሮ ውስጥ የለም፣ ጤፍ ውስጥ የለም፣ እንጀራ ስለቦካም አይመጣም። የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እኛ የምናገኘው ከእንስሳ ምግብ ነው። እንቁላልና ወተት በየቀኑ የሚወስድ ጺምሆኒ የተወሰነ ያገኛል። ቲቭኦኒ የግድ ኪኒን መውሰድ አለበት። ሲያንስ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ መርሳት ያመጣል፤ ከቆየ የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ሌላው አሳሳች ነገር፣ ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፎሌት የደም ማነሱን ሊሸፍነው ይችላል፤ ደሙ ደህና ሲመስል ነርቩ ይጎዳል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ደም ስጡ፣ ቢ12ና ብረትም እንዲታይ ጠይቁ። ምልክት ካያችሁ ደግሞ ኪኒን ገዝታችሁ አትደብቁት፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የቤተሰቡ ማዕድ

እስካሁን ያወራነው ቀላሉን ነው። ከባዱ አርብ ማታ ነው። የኛ ሰው ዶሮ ወጥ ሲያቀርብልሽ ፕሮቲን አይደለም የሚሰጥሽ። ሽንኩርት ሲከትፍ የዋለበትን ቀን ነው የሚሰጥሽ። «አልበላም» ስትዪው የሚሰማው «አልፈልግህም» ነው። እኔ ይሄ ሳይገባኝ ሁለት ዓመት ከነሰላጣዬ ጥግ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ሮሽ ሃሻና ሌላ ነገር ሞከርኩ። እማዬን «ቁሌቱን አንቺ ሥሪ፣ ሲበቃ ለኔ በትንሽ ድስት ቀንሺልኝ» አልኳት። ዶሮው ከመግባቱ በፊት ቀነሰችልኝ። ተጨምቆ የተጠበሰውን ቶፉ አገባሁበት፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ጨመርኩ፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን ነው። እማዬ በማንኪያ ቀመሰች። «ጨው አንሶታል» አለችና ድስቱን ከእጄ ወሰደችው። ከዚያ ወዲያ የኔን ድስት እሷ ነች የምትሠራው።

ሌላ ቀን፣ ስጋ በሌለበት ማዕድ፣ ስጋ ባልነካው ድስት ስትሠሩ ደግሞ ጥቅም አለው። ቶፉና ፕቲቲም ፓርቬ ስለሆኑ ንጥር ቅቤ ጣል ማድረግ ይቻላል። ምግቡ ሐላቪ ይሆናል እንጂ ችግር የለበትም። ይሄን በስጋ ወጥ አታደርጉትም።

እሺ፣ ለማጠቃለል አንድ ቀን አብረን እንቁጠር። ጠዋት አንድ ፒታ፣ በ100 ግራም ሆሙስ፦ ወደ 17 ግራም። ቀን ከ100 ግራም ጤፍ የተጋገረ እንጀራ በሽሮ፣ ከቲማቲም ሰላጣ ጋር፦ ወደ 23። ከሰዓት በኋላ አንድ እፍኝ ቆሎ በለውዝ፦ 5 ወይም 6። ማታ 100 ግራም ቶፉ በአትክልት፦ 12። ድምሩ ከ55 በላይ ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከሚመከረው 48 አልፏል፤ ከፍ እናድርግ ወዳልነው 60 ለመድረስ ደግሞ አንድ እንቁላል ወይም አንድ ጭልፋ ምስር ይበቃል። አንድም ምግብ ውድ አይደለም፣ አንድም ለማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ቢ12ን ለብቻው፣ ቡናውን ዘግየት አድርጋችሁ።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አርብ ቤት ስትሄዱ እናታችሁን ወይም አያታችሁን «ልጅ ሆነሽ ስጋ ሳይኖር ምን ትበሉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ብእርና ወረቀት ያዙ፤ ከሚነግሯችሁ አንዱን ምግብ ደግሞ አብራችሁ ሥሩ። መጠኑን «እጅሽ እንዳየ» ነው የሚሏችሁ፤ ስለዚህ ሲሠሩ አጠገባቸው ቁሙ።

ለዛሬ ይሄው ነው። በሚቀጥለው ክፍል እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ። ሻባት ሻሎም፣ ሰንበት ሰላም።